ከ18 በኋላ የት? ለሰሜን ሸዋ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችና ለቤተሰቦቻቸው የአማራጮች ንጽጽር

አንድ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ነው። ይፈርማል፤ በስሙ ሒሳብ ይከፍታል፤ ይመርጣል፤ ከፈለገም ያገባል። ልጁ ዓይነ ስውር ከሆነ፣ መስማት የተሳነው ከሆነ ወይም በክራንች የሚሄድ ከሆነ ግን በብዙ የሰሜን ሸዋ ቤት ያ ቀን እንደማንኛውም ቀን ያልፋል። እኩዮቹ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ አዲስ አበባ ይበተናሉ። እሱ ቤት ይቀራል። "ምን ይቸኩላል፣ እስኪ ይቆይ" ይባላል።

ቤተሰብ ይህን የሚለው ልጁን ጠልቶ አይደለም። አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያሳየው ሰው አጥቶ ነው። እዚህ የምሞክረው ያንን ነው። "እስኪ ይቆይ" የሚለውንም እንደ አንድ አማራጭ ቆጥሬ ከሌሎቹ ጋር አወዳድረዋለሁ፤ ሳይባል የሚመረጥ ምርጫ ስለሆነ።

ሳወዳድር ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ሐምሌ ላይ መንገዱ ጭቃ ሲሆን እዚያ ቦታ እንዴት ይደረሳል? የሚያግዘው ሰው ቢታመም ወይም ቢሄድ ማን ይተካዋል? የሚገኘው ገንዘብስ በማን እጅ ይገባል? ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ሁሉ በፊት "የቱ ያስከብራል?" ብሎ ይጀምራል። ክብር ጥሩ ነገር ነው። ግን ትልቅ ቦታ ገብቶ፣ የመጸዳጃ ቤቱ መግቢያ ደረጃ ስለሆነ ብቻ በጥቂት ሳምንት ሻንጣውን ይዞ የሚመለስ ልጅ ይኖራል። ስለዚህ ክብርን መጨረሻ ላይ ጠይቁት።

ዩኒቨርሲቲ ወይስ ቴክኒክና ሙያ?

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ይህ ሁሉንም ተፈታኝ ይመለከታል። መጽሐፉን በብሬል፣ ማለትም በጣት በሚነበበው የዓይነ ስውራን ጽሑፍ፣ ያላገኘ ልጅ፣ ወይም አስተርጓሚ በሌለበት ክፍል ዓመታት የተቀመጠች ልጅ፣ ከዚህ ፈተና ጋር ስትፋጠጥ ሸክሙ እጥፍ ነው። የሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራሙ ከ50 በታች ላመጡ የተወሰኑ ተማሪዎች ሌላ በር ከፍቷል። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲን ብቸኛ መንገድ አድርጎ ሌላውን ሁሉ መዝጋት አደገኛ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ የራሴን ፍርድ ልናገር። ትምህርት ለሚወድና ማስታወሱ ለሚበረታ ዓይነ ስውር ወጣት ከዩኒቨርሲቲ የሚበልጥ አማራጭ አላውቅም። ምክንያቱ ዲግሪው ብቻ አይደለም። ዶርም፣ ምግብ፣ ክሊኒክና መማሪያ ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። መንገዱ አንዴ ከተለመደ የዘወትር መንገድ ይሆናል። መጽሐፍ የሚያነብለት ጓደኛ ቢቀር ሌላ ጓደኛ አለ። ከሁሉም በላይ፣ የሚበላውንና የሚተኛበትን ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ይወስናል። ሕግ፣ ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ሶሺዮሎጂ፣ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ዓይነ ስውራን በብዛት የሚገቡባቸው መስኮች ናቸው። የሕግ ባለሙያዋና የመብት ተሟጋቿ የትነበርሽ ንጉሤ ከወሎ ገጠር ተነሥታ፣ ሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብላለች። እሷን የማነሣው "እንደሷ ሁኑ" ለማለት አይደለም። የገጠር ዓይነ ስውር ልጅ የሄደችበት መንገድ እንዳለ ለማሳየት ነው።

ሁለት ነገር ቀድማችሁ አረጋግጡ። አንደኛ፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስትመዘገቡ ጉዳቱ በትክክል መመዝገቡን ከትምህርት ቤቱ ጋር አጣሩ። ፈተናው አሁን በኦንላይንም ስለሚሰጥ፣ ልጁ በየትኛው መንገድ እንደሚፈተንም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ለዓይነ ስውራን የመቁረጫ ነጥብ በየዓመቱ ለብቻው ሲገለጽ ቆይቷልና የዚያን ዓመት ማስታወቂያ ተከታተሉ። ሁለተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲደረግ አካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች ማስረጃ አቅርበው በልዩ ሁኔታ የሚታዩበት አሠራር አለ። የሐኪም ወረቀት ከሆስፒታል ለማውጣት ጊዜ ይወስዳል። ውጤት እስኪወጣ አትጠብቁ።

ደብረ ብርሃን ይሻላል ወይስ አዲስ አበባ? ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ጀምሮ እያስተማረ ነው፤ ለቤት ቅርብ ነው። መንገድ ሲዘጋ በዘመድ በኩል ስንቅና ልብስ ይደርሳል። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ ያየን ሰዎች ይህን ቀላል ነገር አንለውም። ከ2,700 ሜትር በላይ ያለው ብርድ ግን ሽባ የሆነ እግርን ያሠቃያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ዓይነ ስውራንን በማስተማር ረጅም ልምድ አለው። መስማት ለተሳናቸው ደግሞ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል የሚል የዲግሪ ፕሮግራም ከፍቷል። አሁን ራስ ገዝ ስለሆነ መግቢያው እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ጠይቁ። ምልክት ቋንቋ ጠንቅቃ ለምታውቅ ልጅ አዲስ አበባን እመርጥላታለሁ። እንደሷ በምልክት የሚያወራ ሰው በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። የሰው ናፍቆት ደግሞ ከምንም ነገር በላይ ተማሪን ከትምህርት ያስወጣል።

ቴክኒክና ሙያ ሌላ ዓለም ነው። ሥልጠናው በአብዛኛው ተግባር ነው፤ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ደረጃው ከ1 ይጀምራል። ሥልጠናው ሲያልቅ የብቃት ምዘና፣ ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለው፣ አለ። በደብረ ብርሃን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ አለ፤ ሌሎች ከተሞችም ማሠልጠኛ አላቸው። መስማት ለተሳነው ወጣት ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ይቀድማል። እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ልብስ ስፌት፣ ጸጉር ሥራ፣ ምግብ ዝግጅት በዓይን አይተው በእጅ የሚማሯቸው ናቸው። አሠልጣኙ ሠርቶ ያሳያል፤ ተማሪው ሠርቶ ያሳያል። ችግሩ የሚመጣው በንድፈ ሐሳቡና በምዘናው ቀን ነው። መዛኙ በአፉ ሲጠይቅ መልሱን የሚያውቅ ልጅ ዝም ብሎ ይቆምና ይወድቃል። አስተርጓሚ በምዘናው ቀን ሳይሆን በምዝገባው ቀን በጽሑፍ ይጠየቅ።

እግሩ ለተጎዳ ደግሞ የሞባይልና ኤሌክትሮኒክስ ጥገና፣ ኮምፒውተር፣ ሒሳብ አያያዝና ስፌት ጥሩ ናቸው። ስፌት ከሆነ መኪናው በእግር የሚረገጥ ነው ወይስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ? ትንሽ ጥያቄ ትመስላለች፤ ሙሉ ሥልጠናውን የምትወስን ግን እሷ ናት።

ለዓይነ ስውር ወጣት አሁን ባለው ሁኔታ ቴክኒክና ሙያን ከዩኒቨርሲቲና ከመምህራን ኮሌጅ በኋላ አስቀምጠዋለሁ። ዓይነ ስውር እጁ አይሠራም ማለቴ አይደለም። ወርክሾፖቹ እሱን አስበው አልተሰናዱም፤ አሠልጣኙም አልተዘጋጀም። ኮምፒውተር የሚያሠለጥን ማዕከል ጆውስ ወይም ኤንቪዲኤ የሚባል፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም (ስክሪን ሪደር) የተጫነበት ኮምፒውተርና አጠቃቀሙን የሚያውቅ አሠልጣኝ ካለው ግን ነገሩ ይለወጣል። በስክሪን ሪደር መጻፍና ኢሜይል መላክ የሚችል ሰው የቢሮ ሥራ ይሠራል። ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ ቶክባክ የሚባለው የስልክ ስክሪን ሪደር ውስጡ አለ፤ ዛሬውኑ መለማመድ ይጀምር።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመመዝገብ በፊት ልጁን ይዛችሁ ቦታውን እዩ። በሩን፣ ጠረጴዛውን፣ መጸዳጃ ቤቱን እዩ። አሠልጣኙንም "እንዴት አድርገህ ታስተምረዋለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። "እናያለን" የሚልና "ከፊት አስቀምጠዋለሁ፣ ይህን ማሽን ዝቅ አደርግለታለሁ" የሚል አሠልጣኝ እኩል አይደሉም። እኔ ከሙያው ዓይነት ይልቅ አሠልጣኙን ባስቀድም እመርጣለሁ።

መምህርነትና አብነት

የመምህራን ኮሌጅ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በአገራችን ዓይነ ስውራን መምህራን ብዙ ናቸው፤ ተማሪ ይለምዳቸዋል፤ ወላጅም ያከብራቸዋል። ደብረ ብርሃን የመምህራን ኮሌጅ አላት። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ግን በየወሩ በራስ ስም ይመጣል። ፈተናው ምደባው ነው። ከመኪና መንገድ ሰዓታት የሚያስኬድ የመንዝ ወይም የግሼ ትምህርት ቤት ከደረሰው ለአንድ በትር ይዞ ለሚሄድ ሰው ከባድ ነው። ይህን ከመመደብ በፊት በማመልከቻ ማንሣት ይገባል።

አብነት ትምህርት ቤትን ዘመናዊ መመሪያዎች አይጠቅሱትም። እኔ እጠቅሰዋለሁ፤ ምክንያቱም በገጠር ሰሜን ሸዋ ለዓይነ ስውር ወንድ ልጅ ዛሬም እውነተኛ አማራጭ ነው። ዜማውም ቅኔውም ትርጓሜውም በቃል ይያዛል፤ በቃል ይቀጸላል። ብሬል ከመምጣቱ ከረጅም ዘመን በፊት ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ወንበር ዘርግተው ዓይናማዎችን ያስተምሩ ነበር። ታላቁ ተማሪ ታናሹን ማስቀጸል ልማድ ስለሆነ "ማን ያግዘዋል?" የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። ትምህርቱን የጨረሰ ሰው መሪጌታ ተብሎ በሰው መካከል ይቀመጣል። ጉድለቱም ይታወቅ። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ጎጆ ውስጥ ነው፤ ቁራሽ ለምኖ ነው። ውሻ አለ፤ ብርድ አለ፤ በሽታ አለ። ገቢው በአጥቢያው አቅም የተወሰነ ነው። ለሴት ልጅ በሩ ጠባብ ነው። ቀን መደበኛ ትምህርት፣ ማታና በዓመት በዓል ዜማ የሚያስኬድ ልጅ ካለ ሁለቱንም ያገኛል። ልጁ የሚወድደው ከሆነ እሰየው። "ሌላ ምን ይሆናል" ተብሎ ከተላከ ግን ምርጫ አይባልም።

ቅጥር ወይስ የራስ ሥራ?

ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካው ከቆመበት ከ1957 ጀምሮ የፋብሪካ ከተማ ናት። ዛሬ የቢራ ፋብሪካዎች አሉ፤ በ2011 የተከፈተ ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። መስማት ለተሳነው ወይም እጁ ጤነኛ ለሆነ ወጣት የፋብሪካ ሥራ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ደመወዙ በራሱ ሒሳብ ይገባል። የመጀመሪያ ደመወዟን ራሷ አውጥታ ለእናቷ ነጠላ የምትገዛ ልጅን ቤተሰቡ በሌላ ዓይን ያያታል። ስትጠይቁ ግን ሰርቪሱ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የሌሊት ፈረቃ እንዳለ፣ የአደጋ ደወል ሲደወል መስማት ለተሳነው ሠራተኛ ማን እንደሚነግረው ጠይቁ።

አንድ ሕግ በቃላችሁ ያዙ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000። ለሥራው የሚጠየቀውን ያሟላ አካል ጉዳተኛ ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጣ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ይህ ለቅጥር ብቻ አይደለም፤ ለዕድገት፣ ለዝውውርና ለሥልጠናም ይሠራል። አሠሪው የሥራ ቦታውን ማመቻቸት፣ እንደ አስፈላጊነቱም ረዳት መመደብ አለበት። ሴት አካል ጉዳተኞችን በሥራ ቦታ ከሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት መጠበቅም የአሠሪው ግዴታ ነው። በአካል ጉዳቷ ምክንያት አድልዎ ደረሰብኝ የምትል ሠራተኛ ክስ ስትመሠርት የማስረዳት ሸክሙ እሷ ላይ አይወድቅም። ማኅበሯም ሊከስላት ይችላል። ሕጉን ያላነበበ ኃላፊ ብዙ ነው። ኮፒውን አትማችሁ ከማመልከቻው ጋር አያይዙ፤ ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

የራስ ሥራን ቤተሰብ ይወድደዋል። "ሱቅ እንክፈትለት" ይላል። ደስ ይላል፤ ግን ጠይቁ። ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው? ቁልፉን የያዘው ማን ነው? ዕቃ የሚያመጣውና ዋጋ የሚያወጣው ታላቅ ወንድሙ ከሆነ፣ ልጁ ባለሱቅ አልሆነም፤ የወንድሙን ሱቅ ጠባቂ ነው የሆነው። ትንሽ ቢሆንም የራሱ የሆነች ጉልት ትሻላለች። በመንዝ በኩል በግ አድልቦ ለበዓል ማውጣት፣ ሱፍ መፍተል፣ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) እና ዝተት መሥራት ገበያቸው የታወቀ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላና ሞቃት ስለሆነች፣ የከተማው ሜዳም ለዊልቸር ስለሚመች፣ በሽንኩርትና በማሾ ንግድ ላይ መሰማራት እግሩ ለተጎዳ ሰው ከብርዳማው ደጋ ይሻለዋል።

ብድር ሌላ ጉዳይ ነው። በወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በኩል ወጣቶች በቡድን ተደራጅተው ይበደራሉ። ድሮ አብቁተ የምንለው የብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። የቡድን ብድር አባላቱ እርስ በርስ የሚዋዋሱበት ነው፤ እዚህ ላይ አካል ጉዳተኛው ይገለላል። "ቢያቅተው እኛ ልንከፍል ነው" ይባላል። ከማያውቁት ቡድን ውስጥ በልመና ከመግባት ሥራውን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎችን ቀድሞ መያዝ ይሻላል። በእቁብ ጀምሮ ከፍሎ ማሳየት ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ዋስትና ነው። እቁብ ሳያጓድል የከፈለን ሰው "አይችልም" የሚል አይኖርም።

መሬቱ በማን ስም?

በገጠር ትልቁ ሀብት መሬት ነው። "ወንድሙ ያርሳል፣ ወንድሙ ያበላዋል" የሚለው ልማድ አለ። ወንድሙ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ያገባል፤ ይወልዳል፤ ይጠብበታል። ያኔ አካል ጉዳተኛው በአባቱ መሬት ላይ እንግዳ ይሆናል።

ለማረስ መቻልና መሬት መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዓይነ ስውር ሰው፣ እጅና እግሩ የማይታዘዘው ሰው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትም ሰው ይዞታ በስሙ ሊኖረው ይችላል። አባት የይዞታ መብቱን በስጦታ ወይም በውርስ ለልጁ ያስተላልፋል፤ የይዞታ ደብተሩ በልጁ ስም ይወጣል፤ መሬቱ ለእኩል (ምርቱን ለመካፈል) ወይም በኪራይ ይሰጣል። ውሉ በወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። በቃል የተሰጠ መሬት አባት ሲሞት በቃል ይቀራል። እኔ ለወላጆች የምለው፣ ወንድሙን የምትወዱት ከሆነ አራሹ ይሁን፤ ደብተሩ ግን በልጁ ስም ይሁን። ምርቱ አውድማ ላይ ሲካፈልም ባለመሬቱ ራሱ ይገኝ።

ውክልና ወይስ በፍርድ መከልከል?

ይህኛው ክፍል ደረቅ ነው፤ ግን ብዙ ልጆች የሚጎዱበት ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለበት ልጅ 18 ሲሞላው፣ አንድ ሰው ለወላጅ "ፍርድ ቤት ሂድና አስከልክለው፣ ሞግዚት ሁነው" ይለዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህ መንገድ አለ። የተከለከለ ሰው ውል አይዋዋልም፤ በገንዘቡ አያዝዝም። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ መሠረት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ጋብቻም መፈጸም አይችልም። አዋቂነቱ በአንድ ውሳኔ ይወሰዳል፤ ለመመለስ ደግሞ ሌላ ክርክር ያስፈልጋል።

ሌላው መንገድ ውክልና ነው። ልጁ የሚረዳውን ራሱ ይወስናል፤ ለባንኩ ወይም ለመሬቱ ጉዳይ ብቻ የሚያምነውን ሰው ይወክላል። ሲፈልግ ይሽረዋል። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ሰውን ከውሳኔ ከማግለል ይልቅ ለመወሰን ማገዝን ያስቀድማል። ልጁ "ይህን እፈልጋለሁ፣ ያንን አልፈልግም" ማለት ከቻለ፣ በቃልም በምልክትም ይሁን፣ ከውክልና ጀምሩ። መከልከልን የምቀበለው ንብረቱን ሊነጥቀው የቆመ ሰው ሲኖርና ሌላ መከላከያ ሲጠፋ ብቻ ነው።

በዚሁ ሰሞን ሁለት ወረቀት አብራችሁ ጨርሱ። ፋይዳ መታወቂያ አንዱ ነው። በጣት አሻራ ወይም በዓይን መመዝገብ የማይችል ሰው በዚህ ምክንያት ሊመለስ አይገባም። ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። የቤተሰቡ መዋጮ የሚሸፍነው ከ18 በታች ያሉትን ልጆች ስለሆነ፣ ልጁ ዕድሜው ሲያልፍ ሽፋኑ እንዳይቋረጥ ቀበሌ ጠይቃችሁ አድሱ። በየወሩ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስድ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የት ይኑር?

ቤት፣ ከዘመድ ጋር፣ ከጓደኛ ጋር ተከራይቶ። ሦስቱም አሉ። ደብረ ብርሃን ያለ አጎት ቤት መግባት መጀመሪያ የሚታሰበው ነው፤ ርካሽ ነው፤ ወላጅም ሐሳብ ሳይገባው ይተኛል። ነገር ግን ዘመድ ቤት የገባች አካል ጉዳተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ሳትጠየቅ ሕፃን ያዥ ትሆናለች፤ ትምህርቷ ይቀራል። ጥቃት ሲደርስባትም የሚሰማት ታጣለች፤ በተለይ መናገር የማትችል ከሆነች። ከመላኳ በፊት የምትተኛበት ክፍል ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን እናት ሄዳ ትይ። ከቤቱ ውጭ የምታምናት አንዲት ሴት፣ መምህርም ትሁን የጎረቤት እትዬ፣ በየሳምንቱ የምታገኛት ትኑራት። ይህ ካልተገኘ ከሁለት ሴት ተማሪዎች ጋር መከራየት፣ ውድ ቢሆንም፣ ለእኔ ይበልጣል።

ከጓደኛ ጋር መከራየት ለወንዱም ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ሽሮ መሥራት፣ ልብስ ማጠብ፣ ባጃጅ ተደራድሮ መሳፈር እዚያ ይለመዳል። ግን ከተማ ገብቶ አይጀመርም። ከ15 ዓመቱ ጀምሮ ቤት ውስጥ ይለማመድ። ዓይነ ስውር ልጅ ምድጃ ያቃጥለዋል ብላችሁ ከኩሽና አታርቁት። ዓይናማውም ተቃጥሎ ነው የተማረው።

"እስኪ ይቆይ"

አሁን ወደዚህኛው። ቤት መቆየት ጥቅም የለውም አልልም። ሰው ይታመማል፤ ጸጥታው ይደፈርሳል፤ ገንዘብ ይጠፋል። ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ) ባለባቸው ወረዳዎች መሥራት የማይችሉ ሰዎች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ይህ ለደኸየ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ግን በሦስቱ ጥያቄ እንመዝነው። መንገድ የለውም፤ የትም አይሄድምና። የሚያግዘው ሰው አንድ ነው፤ እናቱ። እሷ ደግሞ ታረጃለች። ገንዘቡ፣ ድጋፉም ሳይቀር፣ በሌላ ሰው እጅ ይገባል። በሦስቱም ወድቋል።

በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በመላ አገሪቱ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከሕዝቡ ወደ 1 በመቶ ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት በዓለም ያለው 15 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ያህል የሚራራቀው በአቆጣጠር ልዩነት ጭምር ነው። ግን ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ ጓዳ የተደረጉ ልጆችም እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን።

መቆየት የግድ ከሆነ ቀን ይቆረጥለት። "እስከ መስከረም" ይባል። በዚያ ጊዜ ውስጥም አንድ ነገር ይያዝ። በትር ይዞ ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስ፣ ብሬል መጀመር፣ ምልክት ቋንቋ ከቤተሰቡ ጋር አብሮ መማር፣ ለሰው ሠራሽ እግር ወይም ለድጋፍ ብረት ደሴ ወይም አዲስ አበባ ወዳለው ማዕከል ሄዶ መለካት። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ዘሚ የኑስ የመሠረተችው የኒያ ፋውንዴሽን ጆይ ማዕከል አዲስ አበባ አለ። ሩቅ ቢሆንም አንድ ጊዜ ሄዶ ማየትና ከሌሎች ወላጆች ጋር መነጋገር ብዙ ያሳያል። የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርና መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚያው ነው።

የመረጣችሁት ካልሠራ

አንዳንዱ አይሠራም። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ከከበደው ዝም ብሎ ሻንጣ ይዞ አይውጣ። ሬጅስትራር ሄዶ ዊዝድሮው የሚባለውን የማቋረጫ ቅጽ ይሙላ፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስፍር፤ ኮፒውን ይያዝ። በሥርዓት ያቋረጠ ተማሪ ተመልሶ ማመልከት ይችላል፤ ጠፍቶ የሄደ ግን በሩ ይዘጋበታል። ቴክኒክና ሙያ ከሆነ የያዘውን ደረጃ አስመዝኖ ሰርተፊኬቱን ተቀብሎ ይውጣ። ደረጃ 1ም ቢሆን የእሱ ነው፤ ሌላ ኮሌጅ ሄዶ ከዚያ ይቀጥላል። ፋብሪካ ከሆነ የሥራ ልምድ ወረቀቱን ሳይቀበል ግቢውን አይልቀቅ። መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ የእኩሉ ውል ሲያበቃ አራሹን ይቀይር እንጂ ደብተሩን ለማንም አይስጥ።